የአጥንት መረቅ

የአጥንት መረቅ የበሬ፣ የበግ፣ የፍየል ወይም የዶሮ አጥንት ከጅማቱና በጫፉ ላይ ካለው ልም አጥንት ጋር በውኃ ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ የሚገኝ ፈሳሽ ምግብ ነው። በደንብ የተቀቀለ መረቅ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። እንዲረጋ የሚያደርገው በአጥንት፣ በጅማትና በቆዳ ውስጥ ካለው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን በሙቀት የሚወጣው ጄላቲን ነው።

በኢትዮጵያ መረቅ ለታመመ፣ ለደከመ፣ ለወለደች ሴትና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የሚሰጥ የቆየ ምግብ ነው። «አጥንትን አጥንት ይጠግነዋል» የሚለው እምነት በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በቻይና፣ በኮሪያና በአውሮፓ ገጠሮችም አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጄላቲንና የኮላጅን ዱቄት ለጉልበት ሕመምና ለስፖርተኞች ማገገሚያ ተብለው በፋርማሲና በኢንተርኔት ይሸጣሉ። ይህ ጽሑፍ መረቁ በውስጡ ምን እንዳለው፣ ለመገጣጠሚያ ምን ያህል እንደሚረዳና በምን ላይ መተማመን እንደማይገባ ያስረዳል።

መረቅ በኢትዮጵያ ማዕድ

በሀገሪቱ በሰፊው የሚታወቀው የአጥንት መረቅ ቅቅል ነው። አጥንት ያለበት የበግ፣ የፍየል ወይም የበሬ ሥጋ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በእርድ ይቀቀላል፤ በመጨረሻ ቃሪያ ይጨመርበታል። ቅቅል ሲቀርብ መረቁ በሳህን ወይም በኩባያ ለብቻው ይጠጣል፤ እንጀራም ይፈተፈትበታል። ቅልጥም የገባበት ቅቅል የበለጠ ይወደዳል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቅ ነገር አለ። ከቅልጥም ውስጥ ተመትቶ የሚወጣው መቅኔ በአብዛኛው ስብ ነው፤ ኮላጅን አይደለም። መረቁ ላይ የሚንሳፈፈው ቅባት ከመቅኔው የመጣ ሲሆን፣ ጄላቲኑ ግን ከሥር ባለው ውኃ ውስጥ ሟሙቶ አይታይም። ስለዚህ «ቅባቱ የበዛ መረቅ ለአጥንት ይበልጥ ይጠቅማል» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ጄላቲን የሚበዛው በጉልበት መጋጠሚያ፣ በእግር፣ በጅራትና ቆዳው ባልተነሣ የዶሮ ክንፍና እግር ውስጥ ነው።

መረቅ ከጥሬ ሥጋ የሚለይበት አንድ ጥሩ ጎን አለው፤ ረጅም ጊዜ ስለፈላ የኮሶ ትል ዕጭን አያስተላልፍም።

በጉንችሬና በአካባቢው

ጉንችሬ በጉራጌ ዞን የእነሞርና ኤነር ወረዳ ከተማ ናት። እነሞር ከሰባት ቤት ጉራጌ አንዱ ሲሆን፣ የአካባቢው ዋና ምግብ ከእንሰት የሚገኙት ቆጮ፣ ቡላና አሚቾ ናቸው። ሦስቱም በአብዛኛው ስታርች በመሆናቸው ኃይል ይሰጣሉ እንጂ ፕሮቲናቸው ጥቂት ነው። ማዕዱ ፕሮቲን የሚያገኘው አብሮ ከሚቀርበው ከአይብ፣ ከወተት፣ ከሥጋና ከጥራጥሬ ነው፤ ጎመኑም የራሱን ድርሻ ያክልበታል። በመስቀል በዓል ሰንጋ በቅርጫ ሲታረድ ቀዩ ሥጋ ለክትፎ ይሄዳል፤ አጥንቱ ደግሞ ለቅቅል ይቀራል። በጉራጌ ቤት ታዋቂው ክትፎ ቢሆንም፣ ጅማትና ልም አጥንት ተለቅመው ስለሚጣሉበት ከበሬው ክፍሎች ሁሉ ኮላጅን የሚያንሰው ከእርሱ ነው ማለት ይቻላል።

በጉራጌ እንሰት ራሱ ለአጥንት መድኃኒት ተደርጎ ይታያል። አስታራ፣ ጓርየና ቅብናር የሚባሉት የእንሰት ዓይነቶች ከሌሎቹ ተለይተው ለሕክምና ይተከላሉ፤ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ከእነዚህ የተገኘ አሚቾ ተቀቅሎ በወተት ይቀርብለታል። የቡላ ገንፎም ለአራስና ለተሰበረ ሰው ይሠራል። ልማዱ ከምግብ አንጻር ሲታይ ብልህነት አለው፤ አሚቾው የሚጎድለውን ፕሮቲንና ካልሲየም ወተቱ ይሞላለታል። ወተቱ ቀርቶ በባዶ መረቅ ቢተካ ግን ሚዛኑ ይጎድላል፤ ምክንያቱ ከታች በዝርዝር ቀርቧል።

የመገጣጠሚያ ሕመም በአካባቢው ቀላል ጉዳይ አይደለም። እንሰት መፋቅ የሴቶች ሥራ ነው። ሴትየዋ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ የእንሰቱን ቅርፊት በተጋደመ ሳንቃ ላይ በአንድ እግሯ ይዛ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ለሰዓታት ትፍቃለች። ወገብ፣ ዳሌና ጉልበት በዚህ ሥራ ይጎዳሉ። እንጨትና ውኃ በጀርባ መሸከም ሲጨመርበት፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ጉልበቷን የምታሽ እናት ማየት የተለመደ ነው። «መረቅ ጠጪበት» የሚለው ምክር በብዛት የሚሰጠውም ለእንዲህ ያለችው እናት ነው።

ኮላጅንና ጄላቲን

ኮላጅን በሰው አካል ውስጥ ከፕሮቲኖች ሁሉ የሚበዛ ሲሆን፣ ከጠቅላላው ፕሮቲን ሲሶ ገደማ ይሆናል። ስሙ «ሙጫ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ አናጺዎች ለብዙ ዘመን እንጨት ያጣበቁበት ሙጫ ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ጄላቲን ነበርና። አንድ የኮላጅን ሞለኪውል እንደ ገመድ እርስ በርስ የተገመዱ ሦስት ሰንሰለቶች አሉት። በየሰንሰለቱ ላይ በየሦስተኛው ቦታ ግላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ይገኛል፤ ከቀሩት ቦታዎች ብዙዎቹን ፕሮሊንና ሃይድሮክሲፕሮሊን ይይዛሉ።

በአጥንት፣ በጅማትና በቆዳ ውስጥ የሚገኘው አንደኛው ዓይነት ኮላጅን ይባላል። በመገጣጠሚያ ጫፍ ላይ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ በሚከላከለው ልም አጥንት ውስጥ የሚገኘው ደግሞ ሁለተኛው ዓይነት ነው። አጥንት ድንጋይ ይምሰል እንጂ ከደረቅ ክብደቱ ሲሶ የሚጠጋው ሕዋሳት የሠሩት ነገር ነው፤ የዚህም አብዛኛው ክፍል ኮላጅን ነው። ቀሪው ካልሲየምና ፎስፌት ያለበት ማዕድን ነው። ማዕድኑ ጥንካሬ፣ ኮላጅኑ ደግሞ መተጣጠፍን ይሰጣሉ። አንድ የዶሮ አጥንት ለቀናት ኮምጣጤ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ማዕድኑ ሟሙቶ እንደ ጎማ የሚታጠፍ ኮላጅን ይቀራል፤ ትምህርት ቤት ውስጥ በቀላሉ ሊሠራ የሚችል ሙከራ ነው።

ፕሮሊን ወደ ሃይድሮክሲፕሮሊን እንዲለወጥና ገመዱ እንዲጠብቅ ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋል። በድሮ ዘመን በረጅም የባሕር ጉዞ ፍራፍሬ ያጡ መርከበኞች ድዳቸው የሚደማውና የቆየ ቁስላቸው የሚከፈተው ኮላጅናቸው ስለሚላላ ነበር። ይህ ስከርቪ የተባለ በሽታ ነው። ስለዚህ መረቅ የሚጠጣ ሰው ከጎኑ ጥሬ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ዘይቱን ቢኖረው ለኮላጅን የሚያስፈልገውን አጋር ያገኛል። ቃሪያው መረቁ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከተቀቀለ ግን ከቫይታሚን ሲው ብዙው በሙቀት ይጠፋል።

ኮላጅን በውኃ ውስጥ ሲሞቅ ሦስቱ ሰንሰለቶች ይፈታሉ፤ የተፈታው ጄላቲን ይባላል። ውኃው ሲቀዘቅዝ ሰንሰለቶቹ እዚህም እዚያም መልሰው ይያያዙና በመካከላቸው ውኃ ይዘው ይረጋሉ። የረጋው ጄላቲን በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ አፍ ውስጥ ይሟሟል።

የድስቱ ነገር

በባሕር ጠለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከ2000 ሜትር በላይ በሆኑ ደጋማ ቦታዎች ግን የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 92 ይወርዳል። ኮላጅን በዚህ ሙቀትም ይፈታል፤ ነገር ግን ጊዜ ይፈጃል። የውጭ የምግብ መጻሕፍት «4 ሰዓት» የሚሉት የበሬ አጥንት በደጋ 6 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። በሚያፍን ድስት (ፕሬሸር) ውስጥ ሙቀቱ ከ115 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ ሥራው በ2 ሰዓት ገደማ ያልቃል።

ይህ የማገዶ ጥያቄም ነው። ለአንድ ድስት መረቅ ግማሽ ቀን የሚነድ ከሰል የራሱ ዋጋ አለው፤ በዚያው ገንዘብ ስንት እንቁላል እንደሚገዛ ማስላት ተገቢ ነው። በባሕላዊው ምድጃ በቆጮ ወይም በቡና ማፍያ እሳት ዳር ድስቱን ጥዶ ማዋል ግን ተጨማሪ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል።

አጥንቱ በቀዝቃዛ ውኃ ተጥዶ ቀስ እያለ ቢሞቅ፣ አረፋው ተገፎ ከዚያ በኋላ በዝግታ ቢፍለቀለቅ ጥሩ ነው። ጥቂት ሎሚ ወይም ኮምጣጤ መጨመር ኮላጅኑ እንዲላላ በመጠኑ ይረዳል። «አሲዱ የአጥንቱን ካልሲየም ሁሉ ያወጣል» የሚለው ግን የተጋነነ ነው። በለንደን እነ ማካንስና ዊዶውሰን እ.ኤ.አ. በ1934 ለሕፃናት የሚሰጠውን የአጥንትና የአትክልት መረቅ መርምረው የምግብ ይዘቱ ዝቅተኛ መሆኑን አሳትመዋል። አንድ ብርጭቆ ወተት 250 ሚሊግራም የሚጠጋ ካልሲየም ይይዛል፤ መረቅ ወደዚያ አይጠጋም። ለካልሲየም ከሆነ ወተት፣ አይብ፣ ጎመንና ጤፍ ይሻላሉ።

አጥንት እንደ ምግብ፦ አንድ የቆየ ክርክር

ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዛሬው ፕሬሸር አባት የሆነውን ድስት የሠራው አጥንት ለማለስለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1681 ስለዚሁ ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱም አጥንትን ስለሚያለሰልስ መሣሪያ ይናገራል። ከፓፓን በኋላ በፓሪስ ዣን ዳርሴ የተባለ ኬሚስት ከቄራ ከሚጣል አጥንት ጄላቲን አውጥቶ ለሆስፒታል ሕሙማንና ለድሆች ሾርባ ማቅረብ እንደሚቻል ሰበከ። ሐሳቡ ለመንግሥት ማራኪ ነበር፤ በትንሽ ወጪ ብዙ ሰው ይጠግባልና። ሕሙማኑ ግን ሾርባው እንዳልጠቀማቸው ያማርሩ ነበር።

የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ጉዳዩን እንዲመረምር በፍራንስዋ ማጀንዲ የሚመራ ኮሚሽን አቋቋመ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1841 ቀረበ፤ ጄላቲን ብቻ የተመገቡ ውሾች ከሱ። ምክንያቱ የታወቀው ቆይቶ ነው። አካላችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች አሉ፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ትሪፕቶፋን በጄላቲን ውስጥ ፈጽሞ የለም፤ ሌሎቹም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ጄላቲን ያልተሟላ ፕሮቲን ይባላል።

ትምህርቱ ግን በቀላሉ ተረሳ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ከቆዳና ከጅማት የተሠራ ፈሳሽ ፕሮቲን ብቻ እየጠጡ ክብደት መቀነስ ፋሽን ሆኖ ነበር። ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል፤ በብዙዎቹ ላይ የታየው የልብ ምት መዛባት ነበር።

ይህ ታሪክ ለጉንችሬ ድስትም ትርጉም አለው። አንድ 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በቀን 48 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ አጥንቱ የተሰበረ ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ከዚህ በላይ። አንድ ኩባያ የቤት መረቅ እንደ አሠራሩ ከ2 እስከ 10 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፤ እርሱም ያልተሟላው ዓይነት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም የተሟላ ፕሮቲን አለው። የምግብ ፍላጎታቸው የቀነሰ አረጋዊ ጠዋት መረቅ፣ ቀን መረቅ፣ ማታም መረቅ ከጠጡ ሆዳቸው በውኃ ይሞላል፤ ጡንቻቸው ግን ይከሳል። ለአልጋ ቁራኛ አረጋዊ የጡንቻ መክሳት እንደገና መቆም ከመቻልና ካለመቻል ጋር የተያያዘ ነው። መፍትሔው መረቁን መከልከል አይደለም፤ እንቁላል መትቶ መጨመር፣ ምስር ወይም ሽሮ መቀላቀል፣ ሥጋውን አድቅቆ አብሮ ማብላት ነው።

ከተጠጣ በኋላ

የተጠጣው ጄላቲን በቀጥታ ወደ ጉልበት አይሄድም። ጨጓራና አንጀት ሰንሰለቱን ይቆራርጡታል፤ ወደ ደም የሚገባው በአብዛኛው ነጠላ አሚኖ አሲድ ሲሆን፣ ሁለትና ሦስት ሆነው የተያያዙ ትናንሽ ቁርጥራጮችም ይገባሉ። ነገሩ ደብዳቤ ቀዳዶ ፊደሎቹን ብቻ እንደ መላክ ነው፤ ተቀባዩ ፊደሉን ያገኛል፤ መልእክቱን ግን ራሱ መጻፍ አለበት። ፊደሎቹ ለጅማት፣ ለቆዳ፣ ለጡንቻ ወይም ለኃይል ይውሉ እንደሆነ የሚወስነው አካሉ ነው።

ኮላጅን ለመሥራት ኮላጅን መብላት የግድ አለመሆኑን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አጥንቱ የተቀቀለው በሬ ዕድሜውን ሙሉ የበላው ሣር ነው።

ይህ ማለት ግን ፊደሎቹ ዋጋ የላቸውም ማለት አይደለም። ግላይሲንና ፕሮሊን በብዛት በደም ውስጥ በሚገኙበት ሰዓት ጅማት ሥራ ላይ ከሆነ የተሻለ ይጠቀምባቸው ይሆን? የዘመናችን ተመራማሪዎች የያዙት ጥያቄ ይህ ነው።

ጥናቶቹ

በብዛት የሚጠቀሰው ጥናት በአውስትራሊያው ግሬግ ሾውና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በኪት ባር ቡድን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ነው። ስምንት ጤነኛ ወንዶች 5 ግራም ጄላቲን፣ 15 ግራም ጄላቲን ወይም ጄላቲን የሌለበት መጠጥ ከቫይታሚን ሲ ጋር ጠጥተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ለ6 ደቂቃ ገመድ ዘለሉ። 15 ግራም በወሰዱበት ጊዜ የኮላጅን መሠራትን የሚያመለክተው የደም ምልክት ካልወሰዱበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር በእጥፍ ጨምሯል። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን ስምንት ሰው ጥቂት ነው፤ የተለካውም የደም ምልክት እንጂ የሕመም መቀነስ ወይም የጅማት መዳን አይደለም።

ከሕመም ጋር በተያያዘ በአሜሪካ በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 147 ስፖርተኞች ለ24 ሳምንት በቀን 10 ግራም የተፈጨ ኮላጅን ወይም አስመሳይ መጠጥ ወስደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ውጤት ኮላጅን የወሰዱት በአንዳንድ መለኪያዎች የመገጣጠሚያ ሕመማቸው የበለጠ መቀነሱን ተናግረዋል። በዚህ ዘርፍ ከሚደረጉ ጥናቶች ብዙዎቹ ገንዘባቸውን ከአምራቾች እንደሚያገኙ ማስታወስ ያስፈልጋል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 ያሉትን ማስረጃዎች መርምሮ የተፈጨ ኮላጅን መገጣጠሚያን ይጠብቃል የሚለው አባባል በምክንያትና ውጤት ግንኙነት አልተረጋገጠም ሲል ወስኗል።

ሌሎች የልም አጥንት ንጥረ ነገሮችም ተፈትነዋል። ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን በእንክብል መልክ በብዛት ይሸጣሉ። በአሜሪካ 1583 የጉልበት ሕመምተኞችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ትልቅ ጥናት በጠቅላላ ሕሙማኑ ላይ ከአስመሳይ እንክብል የተሻለ ውጤት አላገኘባቸውም።

ስለ ቤት መረቅ በቀጥታ የተሠራው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የአውስትራሊያውያኑ የእነ አልኮክ ጥናት ነው። የተለያዩ መረቆችን ለክተው የግላይሲንና የፕሮሊን መጠናቸው ከድስት ድስት በጣም እንደሚለያይና በአብዛኛው በጥናት ከተፈተነው መጠን በታች እንደሚሆን አገኙ። በአጭሩ «15 ግራም ጄላቲን» የሚለውን ምክር በኩባያ መረቅ መፈጸም አስቸጋሪ ነው።

ለጉልበት መሸርሸር (ኦስቲዮአርትራይተስ) ጠንካራ ማስረጃ ያለው ሌላ ነገር ነው፤ የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና ክብደት ለበዛበት ሰው ክብደት መቀነስ። በአንድ የታወቀ ጥናት መሠረት 1 ኪሎ ክብደት ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። እንሰት ለምትፍቅ እናት ደግሞ እግር መቀያየር፣ ከፍ ያለ መቀመጫና በየመሃሉ መነሣት ከማናቸውም ዱቄት ርካሽ ነው።

ስብራትና ወጌሻ

አጥንት ሲሰበር በመጀመሪያ ደም በቦታው ይረጋል፤ ቀጥሎ ከኮላጅንና ከልም አጥንት የተሠራ ለስላሳ ድልድይ ይፈጠራል፤ ከዚያ ድልድዩ ካልሲየም ይዞ ይጠነክራል። በአዋቂ ሰው የክንድ ስብራት ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ የጭን ደግሞ ከ3 ወር በላይ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው የአጥንቱ ቀጥ ብሎ መያዝ፣ በቂ የደም ዝውውር፣ በቂ ፕሮቲንና ኃይል፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ነው። ሲጋራ ማጨስ መዳኑን ያዘገያል።

በጉራጌም ሆነ በሌላው ኢትዮጵያ ብዙ ሰው ሲሰበር በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻ ቅርብ ነው፤ ዋጋው አይከብድም፤ ለወለምታና ለቀላል ውልቃትም እጁ የታመነ ነው። አደጋው ያለው በማሰሪያው ላይ ነው። የተሰበረ እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፤ በቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ከሆነ እብጠቱ የሚሄድበት ያጣና የደም ሥሩን ይዘጋል። ያን ጊዜ ሥጋው ይሞታል፤ ብዙ ጊዜም እግር ወይም እጅ ከመቆረጥ አይድንም። ከኢትዮጵያ ገጠር ሆስፒታል ተዘግቦ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሥራ እንደሚያሳየው ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚመጣው የእግርና የእጅ መሞት ቀንሷል። ማለትም ችግሩ የወጌሻው መኖር ሳይሆን የማሰሪያው መጥበቅ ነበር።

ታማሚውን የሚያስታምም ሰው ጣቶቹን በየጊዜው ማየት አለበት። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ሕመሙም እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ እየባሰ ከመጣ ማሰሪያው ወዲያው ተላልቶ ታማሚው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። «መረቁን ይጠጣና ነገ ይታያል» ማለት በዚህ ሁኔታ እግሩን ሊያሳጣው ይችላል። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣ ስብራትም ሳይታሰር በቀጥታ የሆስፒታል ጉዳይ ነው።

ጥንቃቄ

በአማርኛ «ሪህ» የሚለው ቃል ለብዙ ዓይነት የመገጣጠሚያ ሕመም ይነገራል፤ ግራ መጋባቱም ከዚህ ይጀምራል። ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲከማች የሚመጣው ሪህ (ጋውት)፣ በተለይ የእግር አውራ ጣትን በሌሊት የሚያቃጥለው፣ በሥጋና በአጥንት መረቅ ውስጥ ባለው ፕዩሪን ሊባባስ ይችላል። ለጉልበት መሸርሸር ጉዳት የሌለው መረቅ ለዚህ ሰው የሕመም መንሥኤ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መገጣጠሚያው ቀልቶና አብጦ የሚያቃጥለው ሰው መረቅ ከመጀመሩ በፊት ቢመረመር ይሻለዋል። የኩላሊት በሽታ ያለበት ሰው የፕሮቲን መጠኑን፣ ደም ግፊት ያለበት ደግሞ ጨውን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት።

እርሳስ የተባለው ብረት በከብትና በዶሮ አጥንት ውስጥ የመጠራቀም ባሕርይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ የተለኩ የዶሮ መረቆች ከተቀቀሉበት ውኃ በብዙ እጥፍ የበለጠ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል። አልፎ አልፎ ለሚጠጣ አዋቂ ይህ አስጊ አይደለም፤ ለሕፃን በየቀኑ መረቅን የወተት ምትክ ማድረግ ግን በሁለት በኩል ስሕተት ነው።

ታሞ የሞተ ወይም ሊሞት ሲል የታረደ ከብት አጥንት መቀቀል የለበትም። አባ ሰንጋን የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚፈጥረው ዘር መሰል ክፍል በተለመደው ማፍላት ሁልጊዜ አይሞትም፤ ሥጋውን የሚገፍፈውና የሚቆርጠው ሰውም ይያዛል። ጤናማው መረቅም ቢሆን ክፍል ውስጥ ካደረ ባክቴሪያ የሚራባበት ምቹ ቦታ ነው። ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ በሌለበት በዕለቱ መጠጣት ይኖርበታል።

ጾምና ሃይማኖት

መረቅና ጄላቲን ከእንስሳ ስለሚገኙ በኦርቶዶክስ ጾም ወቅት አይበሉም። ለታመመ ሰው የሚደረገውን አስተያየት የሚወስኑት የንስሐ አባቱ ናቸው። ለሚጾም ሰው ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ከጤፍ ጋር አካሉ ኮላጅን የሚሠራባቸውን አሚኖ አሲዶች ያቀርቡለታል፤ ከረሜላና ጄሊ ውስጥ የሚገባው አጋር ግን ከባሕር አልጌ የሚገኝ ካርቦሃይድሬት ስለሆነ መርጋቱ እንጂ ጥቅሙ ከጄላቲን ጋር አይመሳሰልም።

ከውጭ የሚመጣ የጄላቲን ዱቄት ከበሬ፣ ከዓሣ ወይም ከአሳማ ሊሆን ይችላል። አሳማ ለማይበሉ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ማሸጊያው ላይ ምንጩን ማንበብ አስፈላጊ ነው፤ ለሙስሊሞች ደግሞ የበሬውም ቢሆን ሐላል መታረዱ ይጠየቃል።

ጄላቲን ከምግብ ውጭ

ጄላቲን የማይበላ ሰውም ቢሆን ከእርሱ ጋር ሳይገናኝ አይቀርም። ብዙ የመድኃኒት እንክብሎች ሽፋናቸው ጄላቲን ነው። የድሮ የፎቶግራፍ ፊልም ብርሃን የሚቀበለው በጄላቲን ውስጥ በተበተነ የብር ውሕድ ነበር፤ የራጅ ፊልምም እንዲሁ። ዲጂታል ራጅ ከመምጣቱ በፊት የተሰበረ አጥንት ሥዕል በሆስፒታል ግድግዳ ላይ ሲበራ፣ ሥዕሉ ያረፈው ከሌላ አጥንት ተቀቅሎ በወጣ ጄላቲን ላይ ነበር።